ያልተቆፈረው መደብ

እታለማሁ ቀኝ ክንዷ ከደረቷ በላይ እንደማይወጣ ለቀጣሪዎቿ አልነገረችም። ሳትጠየቅ ቀርታ አይደለም። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት አቶ ጢሞቲዎስ በመጋቢት መጀመሪያ በረንዳቸው ላይ ቆመው ሲያነጋግሯት፣ «ጤናሽስ? ሥራው ጉልበት ይፈልጋል» ብለዋት ነበር። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ሰው ሁሉ የሚመልሰው ይህንኑ ስለሆነ፣ ውሸትነቱ ያን ያህል አልከበዳትም።

ከዚያ በፊት ሰባት ዓመት በአንድ የችግኝ ጣቢያ ሠርታለች። አፈር ስትነፋ፣ ፕላስቲክ ስትሞላ፣ ችግኝ ስታጠጣ፣ ክረምት ሲመጣ መኪና ላይ ስትጭን ሰባት ዓመት አለፈ። ኅዳር ላይ ከገበያ ስትመለስ የተሳፈረችባት ባጃጅ ተገለበጠችና በትከሻዋ ወደቀች። ወጌሻ አሻት፣ በቀርከሃ ስንጥር ደግፎ አሰራት። ከአርባ ቀን በኋላ ሲፈታ አጥንቱ ገጥሟል፤ ትከሻው ግን እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ እዚህ ድረስ ሄዶ ቀጥ የሚልበት ቦታ አበጅቷል። በችግኝ ጣቢያው ስለ ክንዷ ክፉ ቃል የተናገራት የለም። ኮንትራቷ ሲያልቅ ግን የሚያድስላት አልተገኘም። ከባሏ ከተለያየች ስድስት ዓመቷ ነው፤ የምትኖረውም በአንዲት የኪራይ ክፍል ብቻዋን ነው። ሥራ ካላገኘች ወደ አዘና፣ ወደ ወንድሟ ቤት መመለስ ነበረባት። ይህን ደግሞ አልፈለገችም።

የእንግዳ ማረፊያው ከእንጅባራ ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አቶ ጢሞቲዎስ ሃያ ሁለት ዓመት በጤና ጣቢያ ያገለገሉ፣ ከደብረ ማርቆስ በሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ነገር ሁሉ በልኩ እንዲሆን ይወዳሉ። ከክፍሎቹ ፊት ለፊት ያለው ሣር ሲታጨድ ከራሱ ላይ አይጠፉም፤ እንግዳ በጫማው ሲያቋርጠው ካዩ ሰላምታቸው ያጥራል። አሁን ያማራቸው በሣሩ ዳር፣ ከውጭው በር እስከ ምግብ አዳራሹ ድረስ ስልሳ እርምጃ የሚረዝም፣ አንድ ተኩል እርምጃ የሚሰፋ የአበባ መደብ ነበር።

«በየዓመቱ ዘር እየበተንኩ አልኖርም» አሏት። «አንዴ ተተክሎ ዓመት ዓመት ራሱ እየተመለሰ የሚያብብ ነው የምፈልገው። ለተማሪዎቹ ምረቃ መድረስ አለበት።»

ቦታውን በችካልና በሲባጎ አስምረውታል። አዲስ ዶማ ሰጧት። «አንድ ክንድ ያህል ትቆፍሪያለሽ፤ ሰርዶውን ከነሥሩ ለቅመሽ ታወጫለሽ። አንዲት ሥር እንዳትቀር።»

እሳቸው ወደ ውስጥ ሲገቡ ዶማውን አነሣች። ከደረቷ አላለፈላትም። በግራ እጇ ብቻ ሞከረችው፤ ዶማው አቅጣጫውን ስቶ ሣሩን ጥፍር ታህል ላጥ አደረገና ቆመ። ሦስት ጊዜ መታች። ከዚያ ዶማውን አጥሩ ላይ አስደግፋ ሲባጎውን የምታስተካክል መስላ ተቀመጠች።

የመጣላት ሐሳብ አዲስ አልነበረም። አባቷ አዘና ገጠር በበጋ የከብቱን በረት ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ያዛውሩ ነበር። በረቱ ሁለት ሳምንት የቆመበት ቦታ ሣሩ ከእበቱ ሥር ታፍኖ ይሞታል፤ በረቱ ተነሥቶ ዝናብ ሲነካው መሬቱ እንደ ቡሖ ይለሰልሳል። ልጅ ሆና እዚያ ላይ የጎመን ችግኝ በጣቷ ቀዳዳ እያበጀች ተክላለች። ማንም ዶማ አላነሣም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ጢሞቲዎስን በረንዳው ሥር ጠበቀቻቸው።

«ጋሽ ጢሞቲዎስ፣ ይህ መሬት ባይቆፈር ነው የሚሻለው።»

«እንዴት ማለት?»

«ሰርዶ ሲቆፈር ይበዛል። አንዱን ሥር ዶማው አሥር ቦታ ይቆራርጠዋል፤ አሥሩም ይበቅላል። መድኃኒቱ ብርሃን ከልክሎ ማፈን ነው።»

«በምን ታፍኚዋለሽ?»

«በካርቶን። በላዩ ፋንድያ፣ ከፋንድያው ላይ ደግሞ የቀርከሃ ቅጠል። ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲጠና ካርቶኑን እየቀደድን እንተክላለን።»

አቶ ጢሞቲዎስ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ቁስል ሳይጸዳ ይሸፈናል እንዴ?»

«ቁስል እኮ አይደለም ጋሼ፤ ሣር ነው።»

ፈገግ አላሉም፤ ግን አልተቆጡም። «እስከ ግንቦት» አሉ በመጨረሻ። «አልሆን ካለ ይቆፈራል።»

የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር፤ በዓይኗ ያየችው ነው። የተናገረችበት ምክንያት ግን እሱ አልነበረም። ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ «ደህና ነኝ» ካለችው ይልቅ ይሄኛው ከነከናት። እውነት ተናግሮ ማታለል እንደሚቻል ከዚያ በፊት አስባው አታውቅም።

ካርቶን ልመና ሱቅ ለሱቅ ዞረች። የብስኩት፣ የሳሙና፣ የጫማ፣ ያገኘችውን ሁሉ እየጠፈጠፈች በሲባጎ አስራ በባጃጅ አመጣች። የመጀመሪያውን ቀን ሃያ እርምጃ አንጥፋ ፋንድያ ልትፈልግ ሄደች፤ ስትመለስ ነፋስ ግማሹን አንሥቶ ጎረቤት አጥር ላይ ሰቅሎታል። ዘበኛው አየነው እየሳቀ ለቀመላት። አየነው የጥሊሊ ልጅ ነው፣ በዕድሜ እኩያዋ። ባለቤቶቹ በሌሉበት ሁለቱ የሚነጋገሩት በአገውኛ ነበር።

«ውኃ አጠጪው» አላት። «የረጠበ ካርቶን አይበርም።»

አጠጣችው፤ ዳርና ዳሩን ድንጋይ ጫነችበት። አንዱ ካርቶን በሌላው ላይ መዳፍ ያህል እንዲደረብ አደረገች፤ ሰርዶ ክፍተት ካገኘ እንደ ሌባ ነውና።

ወይዘሮ ማርታ፣ የአቶ ጢሞቲዎስ ባለቤት፣ ከጸሎት ቤት ሲመለሱ ሣሩ ዳር ቆመው ለረጅም ጊዜ አነበቡ። «እታለማሁ፣ ይህ የአረቄ ካርቶን አይደለም?»

«ነው፣ እትዬ። ወፍራም ስለሆነ ነው።»

«የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች እሑድ ለምሳ ይመጣሉ።»

እታለማሁ ጽሑፉ ወደ መሬት እንዲሆን አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው። ወይዘሮ ማርታ እስክትጨርስ ቆመው አዩ፤ ከዚያ «ተባረኪ» ብለው ገቡ።

ፋንድያው ከጋሪ ፈረሶች መቆሚያ መጣ። በጆንያ እየሞላች፣ ጆንያውን በግራ እጇ መሬት ለመሬት እየጎተተች፣ ጣት በሚያህል ውፍረት ሳይሆን ስንዝር በሚሞላ ውፍረት አለበሰችው። አንድ እንግዳ ከሽታው የተነሣ ቁርሱን ትቶ ወደ ሌላ ሆቴል ሄደ። በዚያ ሳምንት ወይዘሮ ማርታ የመመገቢያ አዳራሹን መስኮት ዘግተው ሰነበቱ። የቀርከሃው ቅጠል ከላይ ሲነሰነስ ሽታው ቀነሰ፤ ዝናብ ሁለት ሦስት ጊዜ ከመታው በኋላ ደግሞ ጠፋ። ካርቶኑ ግን አልበቃም። በምግብ አዳራሹ በኩል ያለውን የመጨረሻ ሃያ እርምጃ በነጠላ ካርቶን ብቻ አለበሰችው። እንደማይበቃ ታውቀው ነበር።

አንድ ቀን ጆንያ ስትጎትት አየነው ከበሩ ሥር ተነሥቶ ሌላውን ጫፍ ያዘላት።

«ትከሻሽን ያየሁት በመጀመሪያው ሳምንት ነው» አላት በአገውኛ። «ነጠላሽን በአንድ እጅ ነው የምታጣፊው።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማን እነግራለሁ? አልጠየቁኝ።»

ግንቦት ገባ፣ ዝናቡም ጠና። እታለማሁ ከቅጠሉ ሥር እጇን ሰድዳ ካርቶኑን ስትነካው እንደራሰ እንጀራ በጣቷ ተቀደደ። ከሥሩ ያለው ሣር ነጥቶ ሞቷል፤ አፈሩ ጥቁር ነው፣ ትል ይርመሰመስበታል። በማጭድ ጫፍ መስቀል አድርጋ እየቀደደች መትከል ጀመረች። ከጎረቤት የተለመነ የአሪቲና የጤና አዳም ቅንጣቢ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ከተራራ የመጣ ጦስኝ፣ ከቦይ ዳር የተነቀለ ካላ የሚባል ነጭ አበባ፣ ከረግረግ ዳር የሚበቅለው ራሱ እንደ ችቦ ቀይና ቢጫ የሆነው ረጅም አበባ። ሁሉም አንዴ ሥር ከያዘ ዓመት ዓመት የሚመለስ ነው። ተንበርክካ ለምትሠራው ሥራ ክንዷ ይበቃት ነበር። እንዲያውም በእነዚያ ቀናት ትከሻዋን የምትረሳበት ጊዜ ነበር።

በወሩ አጋማሽ ከዳንግላ የጽጌረዳ ችግኝ በፒክአፕ መጣ፤ እያንዳንዱ በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ፣ አፈሩ በውኃ ከብዷል። አየነው ወደ ገበያ ተልኮ ስለነበር አቶ ጢሞቲዎስ ራሳቸው መኪናው ላይ ወጥተው ያቀብሏት ጀመር። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በግራ እጇና በዳሌዋ ተቀበለች። ሦስተኛውን ከፍ አድርገው «ያዢ» አሏት። ሁለት እጅ የሚፈልግ ነበር። ቆርቆሮው አመለጣት፤ በጠርዙ ወድቆ ተከነበለና ግንዱ ተሰበረ።

ሾፌሩ ሳቀ። አቶ ጢሞቲዎስ አልሳቁም።

«ቀኝ እጅሽን አንሺ» አሉ ከላይ ሆነው።

አነሣች።

«ከፍ አድርጊ።»

«ከዚህ በላይ የለም።»

ወረዱ። እጃቸውን ጠርገው ትከሻዋን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ በጤና ጣቢያ ሳሉ የስንቱን ትከሻ እንደዚህ ዳስሰው ይሆናል። «መቼ ነው?»

«ኅዳር።»

«እኔ የጠየቅሁሽ መጋቢት ነው።»

ወይዘሮ ማርታ በረንዳው ላይ ወጥተው ቆመዋል።

«እንግዲያው ያ ሁሉ የሰርዶ ትምህርት ሰበብ ነበራ!» አሉ አቶ ጢሞቲዎስ።

«የሰርዶው ነገር እውነት ነው፣ ጋሼ።»

«እውነት መሆኑን አልጠየቅሁሽም። ክንድሽ ደህና ቢሆን ኖሮ ትቆፍሪ ነበር?»

አልቆፍርም ማለት ትችል ነበር፤ የሚያስተባብላት አልነበረም። ነገሩን አሰበችው። ያን ቀን ዶማው ቢነሣላት ኖሮ የአባቷን በረት ታስታውስ ነበር? አታስታውስም። እንደተባለችው አንድ ክንድ ቆፍራ፣ ሥር ለቅማ፣ ማታ ወደ ቤቷ ትገባ ነበር።

«እቆፍር ነበር» አለች።

አቶ ጢሞቲዎስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዛሬ ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ነገ ተመለሺም፣ ቅሪም አላሉም። ሦስት ቀን ቤቷ ተቀመጠች። ልብሷን አጠበች፤ ለወንድሟ ልትደውል ስልኳን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። ዝናቡ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይጥላል። የምታስበው ስለ አቶ ጢሞቲዎስ ሳይሆን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ አጥሩ ሥር ስለተወቻቸው ቅንጣቢዎች ነበር። በአራተኛው ቀን ማጭዷን ለመውሰድ ሄደች፤ ቢያንስ ለራሷ ያለችው እንደዚያ ነው።

አየነው በሩን ከፈተላት። ከምግብ አዳራሹ በኩል ያለው ሃያ እርምጃ ተቆፍሯል። አቶ ጢሞቲዎስ የቀን ሠራተኛ አምጥተው ነጠላውን ካርቶን አስነሥተው አስቆፍረውታል። ቀዩ አፈር ተገልብጦ፣ ጠርዙ በሲባጎ ልክ ተቆርጦ፣ እውነትም ለዓይን ያምር ነበር። ጎንበስ ብላ አንድ ጓል አነሣች። በውስጡ ነጫጭ ሥር እንደ ተቆራረጠ ክር ተሰግስጓል።

«እንዴት ነው?» አላት አየነው።

«ሰውየው በደንብ ቆፍሯል» አለች፤ ጓሉንም መልሳ አስቀመጠችው።

ጆንያዋን ፈታች። አሪቲው ጠውልጓል፣ ጦስኙ ግማሹ ቢጫ ሆኗል። ማጭዷን ይዛ መሄድ ትታ ባልተቆፈረው በኩል ተንበረከከችና ትተክል ገባች። ወይዘሮ ማርታ ድምፅ ሰምተው ወጡ።

«ማን ትከይ አለሽ?»

«ማንም አላለኝ፣ እትዬ። ነገ ይሞታሉ።»

ወይዘሮ ማርታ ዞረው ገቡ። ትንሽ ቆይቶ አቶ ጢሞቲዎስ ቦቲ ጫማቸውን አድርገው ወጡና ሣሩ ላይ ቆሙ። አሥር ያህል ቅንጣቢ እስክትተክል አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ማጭዱን ወሰዱና ከፊቷ ቀድመው ካርቶኑን ይቀድዱ ጀመር።

«ሰፋ» አለች።

«ምን?»

«ቀዳዳው ሰፋ። ሰርዶው በዚያ ይወጣል። የጣት ርዝመት ይበቃል።»

ቀጣዩን አጠበቡት። እንዲህ እየሆኑ እስከ ምሳ ሰዓት ሠሩ፤ እሳቸው ይቀድዳሉ፣ እሷ ትተክላለች። ዝናብ ሊጥል ሲያጉረመርም አቶ ጢሞቲዎስ ሳያዩዋት ጠየቋት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎ ይቀጥሩኝ ነበር?»

ማጭዱን እንደያዙ ቆሙ።

«አልቀጥርሽም ነበር» አሉ።

ከዚያ በኋላ በነገሩ አልተነጋገሩበትም። በማግስቱ መጣች፣ በሳልስቱም መጣች፤ ተመለሺ ያላት ባይኖርም የከለከላት አልነበረም። ከባድ ነገር የሚያነሣው አየነው እንዲሆን ተነገረው፤ እሱም «ድሮስ ማን ነበር?» አለ። አቶ ጢሞቲዎስ አንድ ጠዋት ወደ ግድግዳው ጠርተው ጣቷን እንደ ጉንዳን ወደ ላይ እያራመደች ክንዷን እንድታስለምድ አሳዩዋት። «በመጀመሪያው ወር መደረግ የነበረበት ነው» አሉ ቅር ብሏቸው። «ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ዝም ከተባለ ግን ይብሳል።» ያማት ነበር፤ ቢሆንም በየጠዋቱ አደረገችው። ክረምቱ ሲያልቅ እጇ አገጯ ድረስ ይደርስ ነበር፤ ከዚያ አላለፈም።

ሰኔ ላይ የተቆፈረው ሃያ እርምጃ አረንጓዴ ለበሰ። እዚያ የተተከሉት ጽጌረዳዎች ሰርዶ ውስጥ ቆመው እስኪጠፉ ድረስ በዛ። እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል ብላለች አህያ፤ «እዚህ ግን ለሞቱትም ለሚወለዱትም ይበቃል» አለ አየነው። ያልተቆፈረውም ቢሆን እንከን አላጣም፤ ካላው በሁለት ቦታ በሰበሰ፣ ቀንድ አውጣ ጤና አዳሙን ትቶ ከሌላው በላ፣ አንድ ጥግ ላይም ሰርዶ በካርቶን መደራረቢያ ሾልኮ ወጥቶ እታለማሁ በጣቷ ስትነቅል ሰነበተች። ግን የቀረው ያዘ። አቶ ጢሞቲዎስ ከቁርስ በኋላ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ይመላለሳሉ፤ አርባኛው እርምጃ ላይ ሲደርሱ ይዞራሉ። ስለ ሃያው እሳቸው አላነሡም፤ እሷም አላነሣችም።

ያነሣው አየነው ነው። «ጋሼ፣ ጽጌረዳዎቹን ወደ ወዲያኛው ያዛውሯቸው። ይችን ለእኔ ይስጡኝ፤ ድንች ላድርግባት።»

«ሣር ዳር ድንች?»

«የሚኮተኮት ነገር ካልገባበት ይህን ሰርዶ የሚችለው የለም።»

ወይዘሮ ማርታ «ድንቹስ ይበላል» ስላሉ ተፈቀደለት። አየነው በወሩ ሁለት ጊዜ ኮተኮተ፣ አፈሩን ለግንዱ አስታቀፈ፤ ድንቹም እንደ እንጅባራ ድንች ሆኖ ቁርጭምጭሚት ከዚያም ጉልበት አከለ። ምረቃው በዚያ ዓመት ወደ ነሐሴ ተገፍቶ ስለነበር እንግዶቹ ሲመጡ ድንቹ አብቧል፤ ነጭ፣ መሐሉ ቢጫ፣ አንዳንዱም ወይን ጠጅ የቀባው። አርባው እርምጃ ግን ገና ሕፃን ነበር፤ ከችቦው አበባ ሁለት ብቻ ራስ አውጥተዋል፣ ጽጌረዳውም ገና አንገቱን አላቀናም። የምረቃ ጋውን የለበሱት ልጆችና ወላጆቻቸው ሣሩን አቋርጠው በቀጥታ ወደ ድንቹ ሄዱ። ፎቶ የተነሡት እዚያ ነው።

አቶ ጢሞቲዎስ ከበረንዳው ሆነው ያያሉ። አንዲት እናት «ይህ አበባ ምን ይባላል?» ብለው ጠየቋቸው።

«ባለሙያዋን ይጠይቋት» አሉ፤ እጃቸውንም ወደ እታለማሁ ዘረጉ።

«ድንች ነው፣ እማማ» አለች እታለማሁ።

ሴትየዋ የምትቀልድባቸው መስሏቸው ሳቁና ወደ ልጃቸው ተመለሱ።

ድንቹ ጥቅምት ላይ ተቆፈረ። ሁለት ጆንያ ለማእድ ቤት ገባ፣ ሌላ አንድ ጆንያ አየነው ወደ ጥሊሊ ላከ። አቶ ጢሞቲዎስ በቦታው ላይ እንደገና ሲባጎ ወጥረዋል። ወይዘሮ ማርታ ጽጌረዳ ይላሉ፣ አየነው ድንች ይላል፤ እታለማሁ ደግሞ መጀመሪያ እስከ መጋቢት ይሸፈን ትላለች። እስከ አሁን አልተስማሙም።